የታችኛው መደርደሪያ

ጥቅምት 7፣ ረቡዕ

ዛሬ ጠዋት እህቴ ደወለች። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፤ «ሊቋ፣ ወረደልሽ» አለችኝ። መታጠቢያ ቤት ቆማ ማበጠሪያዋ ላይ የቀረውን ፀጉር እያየች ነበር። መጀመሪያውን ኬሞ ከወሰደች ልክ አሥራ አምስተኛ ቀኗ ነው። እኔ «ከአሥራ አራት እስከ አሥራ ስምንት ባለው ቀን» ብያት ነበር። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የተሰማኝ ግምቴ ልክ የመሆኑ ደስታ ነው። ይህን እዚህ ካልጻፍኩት የትም አልጽፈውም።

ከዚያ ማስረዳት ጀመርኩ። የፀጉር ሥር ታችኛው ጫፍ ላይ ያሉት ሴሎች ፋታ የሚባል አያውቁም፤ ሲከፋፈሉ ውለው ሲከፋፈሉ ያድራሉ። ኬሞው የሚከፋፈል ሴል ሲያገኝ «ካንሰር ነህ ወይስ ፀጉር?» ብሎ አይጠይቅም። ሴሉ ሲጎዳ ፒ53 የሚባለው ፕሮቲን ይነቃና «ተበላሽተህ ከምትኖር ብትሞት ይሻላል» ብሎ ያዘዋል፤ ሴሉም ራሱን ያጠፋል። ፀጉሩ ከሥሩ ይሳሳል፣ ይበጠሳል። ከፍ ብለው የተቀመጡት እናት ሴሎች ግን ቀስ ብለው የሚሠሩ ስለሆኑ ይተርፋሉ፤ ስለዚህ ፀጉሩ ይመለሳል አልኳት።

«ጨረስሽ?»

«ጨረስኩ።»

«እንግዲያው የመታጠቢያው ቀዳዳ ተደፍኗል። ለሱም ሴል ካለሽ ንገሪኝ።»

እትዬ እንዲህ ናት። በዘጠኝ ዓመት ትበልጠኛለች፤ እናታችን ከሞተች በኋላ ፊደል ያስቆጠረችኝ፣ ጫማ ያሰረችልኝ እሷ ናት። የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት፤ ሃምሳ ልጅ በዓይኗ ብቻ ጸጥ ታደርጋለች። እኔ ደግሞ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በላቦራቶሪ የምሠራው በኬሞ በሚረግፍ ፀጉር ላይ ነው። የሰማ ሁሉ «እንዴት ያለ ግጥምጥሞሽ ነው!» ይለኛል። ግጥምጥሞሽ ገደል ይግባ።

ጥቅምት 9፣ ዓርብ

ቆዳ መጣ። ከቀዶ ሕክምና የተረፈ የራስ ቆዳ፣ የባለቤቱ ፈቃድ ተፈርሞበት። በማይክሮስኮፕ ሥር እያንዳንዱን የፀጉር ሥር በመቆንጠጫ ማውጣት። መቶ ሃያ። አንገቴ ደረቀ። እትዬ ሁለት ጊዜ ደውላለች፤ ጓንት አድርጌ ስለነበር አላነሳሁም።

ጥቅምት 14፣ ረቡዕ

ትናንት ሁለተኛው ዙር ነበር። አልሄድኩም። ማሞቂያ ሣጥኑ ከትናንት ወዲያ ሲጮህ ስለነበር የፀጉር ሥሮቹን ትቼ መውጣት አልሆነልኝም። ባሏ ወስዷታል። እሱ መርፌ ሲያይ ስለሚያዞረው ከበር አያልፍም፤ ኮሪደር ላይ ይቆማል። ሁለት ሜትር የሚሞላ ሰውዬ!

የሕክምናው ቅደም ተከተል እንዲህ ነው፦ በየሦስት ሳምንቱ ማክሰኞ፣ አራት ዙር ቀዩ መድኃኒት፤ ከዚያ በኋላ ሌላ አራት ዙር ነጩ። ቀይና ነጭ የሚሉት ታማሚዎቹ ናቸው፤ ነጩ እንኳ ነጭ አይደለም፣ ውሃ ነው የሚመስለው።

አክስታችን ማታ ደውለው ስለ ጉሎ ዘይትና ስለ ነጭ ሽንኩርት አወሩኝ። «ተዪ፣ የዱሮ ሰው የሚያውቀውን እናንተ አታውቁትም» አሉ። የሞተን ሴል ሽንኩርት አያስነሳውም አልኳቸው። «አፍሽ!» ብለው ዘጉብኝ። እኔ ምን አጠፋሁ?

ጥቅምት 25፣ እሑድ

በእረፍት ቀን ሥራ ገባሁ፤ ደግሞም አልቆጨኝም።

ፀጉር ያተርፋል ብለን የምንሞክረውን ውህድ ዶክተሩ፣ ማለት የላቦራቶሪው ኃላፊ፣ «ዘጠኝ ቁጥር» ይሉታል። ሴሉን አይገድልም፤ ከመከፋፈሉ በፊት በር ላይ ያስቆመዋል። ኬሞው፣ ያ መርዝ፣ የሚመታው በመከፋፈል ላይ ያለውን ስለሆነ፣ የቆመውን አልፎት ይሄዳል። ሐሳቡ ይኸው ነው። የምንሞክረው በነጩ መድኃኒት ላይ ነው። ነጩን ብቻ ያገኙት የፀጉር ሥሮች በአራተኛው ቀን ጠቋቁረው፣ ተኮማትረው ሞቱ። ዘጠኝ ቁጥር የተጨመረላቸው ግን አሉ! እድገታቸው ቀስ ያለ ነው፤ ቀስ ማለታቸው ደግሞ ልክ የምንጠብቀው ነው፤ በር ላይ ቆመዋላ።

የደከመ እጅ እንዳያደበላልቅ ሥርዓት አውጥቻለሁ፤ መርዝ ብቻ ያለበት ሳህን ላይኛው መደርደሪያ፣ ዘጠኝ ቁጥር ያለበት ታችኛው መደርደሪያ፣ ሁልጊዜ። በአሥራ አንድ ዓመት አንድ ሳህን አልተሳሳተብኝም። ሣጥኑ አርጅቷል፤ በሩን በዳሌዬ ካልገፋሁት አይዘጋም፤ የሙቀቱ ቁጥር ግን ሠላሳ ሰባት ከማለት ዝንፍ ብሎ አያውቅም።

ኅዳር 5፣ ረቡዕ

ሦስተኛው ዙር ትናንት አለቀ። መሄድ ነበረብኝ። የሆስፒታሉ ሽታ ራሴን ያመኛል፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም።

እትዬ ማታ ደወለች። አጠገቧ የተቀመጠች አንዲት ሴት ነጩን ከጨረሰች ሦስት ዓመቷ ነው፤ አሁን በሌላ ምክንያት ተመልሳ መጥታለች። ሻሿን ገለጥ አድርጋ አሳየቻት፤ እንደ ጨቅላ ራስ እዚህም እዚያም ብን ያለ ነገር እንጂ ፀጉር የለም።

«ይመለሳል ብለሽኝ አልነበር?»

«ይመለሳል። ከብዙ ሰው ጥቂቱ ላይ፣ ነጩ ከሆነ፣ እናት ሴሎቹም ሊጎዱ ይችላሉ። በጣም ጥቂት ነው።»

«ይህን ያኔ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አልጠየቅሽኝማ።»

ከዚያ «ሌላስ ምን አለ፣ ያልጠየቅኩሽ?» አለች። ምንም አልኩ። ሌላ ምን አለ? ስለ ፀጉር የማውቀውን ሁሉ ነገርኳት እኮ! ሰው በቀን ስንት ጊዜ ነው የሚጠየቀው?

ኅዳር 19፣ ረቡዕ፣ ማታ

ሦስተኛው ሙከራ ከፊተኞቹ ሁለቱ ጋር አንድ ዓይነት ሆነ። ዶክተሩ ወረቀቱን ገልብጠው ገልብጠው አዩና «ጥሩ ነው፤ አንድ ጊዜ ድገሚው፣ ከዚያ እንጽፋለን» አሉ። ከሳቸው አፍ «ጥሩ ነው» መስማት እንደ ሹመት ነው።

ከሥራ በቀጥታ እትዬ ቤት ሄድኩ። ገበታ ላይ ሳለን አላስችል አለኝና አወራሁት። ሹካዬን አስቀምጬ የቢራ ክዳኖች ደረደርኩና ይህ ሴሉ ነው፣ ይህ በሩ ነው እያልኩ አሳየኋቸው። እትዬ ማኘኳን አቆመች።

«ሰው ላይ መቼ ይሆናል?»

«በቆዳ ላይ የሚቀባ ከሆነ ብዙ አይቆይም።»

«ብዙ አይቆይም ስንት ነው?»

«እንግዲህ… የመጀመሪያው ነገር በአንድ ወር፣ ሁለት ወር ይታያል።»

እኔ ያልኩት ውጤቱ ተጽፎ ይታያል ለማለት ነው። በግልጽ ነው የተናገርኩት። እሷ «ለነጩ ነው አይደል?» ስትል «ለነጩ፣ በቀጥታ ለነጩ» አልኳት፤ እሱም እውነት ነው። ፊቷ ሲፈካ ከስንት ጊዜ በኋላ አየሁ። በዚያች ደቂቃ ላይ ሆኖ ዓረፍተ ነገር ማስተካከል የሚችል ሰው ካለ ይምጣና ያሳየኝ።

ሳህን ልመልስ ወደ ወጥ ቤት ስሄድ ባሏ ለእትዬ በሹክሹክታ «እሷ እኮ የምትመጣው ሪፖርት ለማቅረብ ነው» ሲል ሰማሁት። ያስቃል። ምን ይዤ ልምጣ ታዲያ፣ ብርቱካን?

ኅዳር 26፣ ረቡዕ

አራተኛው ቀይ አለቀ። አልሄድኩም፤ የዶክተሩ ስብሰባ ነበር። (መድኃኒቱ ጠዋት፣ ስብሰባው ከሰዓት ነበር። እሺ።)

አክስታችን ዊግ ገዝተው መጡ። እትዬ አጥልቃ መስታወት ፊት ቆመች፤ ከዚያ አውልቃ ባሏ ራስ ላይ ደፋችው። «ይሄ ላንተ ነው የተሠራው፤ የኛ ርዕሰ መምህርት ቁርጥ!» ስትል ሰውዬው እንኳ ሳቀ። አክስታችን አኮረፉ። ትምህርት ቤት በሻሽ ነው የምትሄደው። አንድ ተማሪ «ቲቸር፣ ፀጉርሽ የት ሄደ?» ብሏት «እረፍት ወጣ» አለችው አሉ።

ታኅሣሥ 11፣ ሐሙስ

ጥድፊያ። ሌላ ክፍል ያሉ ሰዎች ላይኛውን መደርደሪያ ያለ ፈቃዴ ሞልተውታል። ጮህኩባቸው። ሁለት መርዝ ብቻ ያለባቸው ሳህኖች ቦታ አጡና ታች አስገባኋቸው። ሥርዓቴ ተበላሸ። ምልክት አድርጌባቸዋለሁ።

ታኅሣሥ 15፣ ሰኞ

እነዚያ ሁለቱ አልሞቱም።

ዘጠኝ ቁጥር ጠብታ የለባቸውም፤ አሉ፤ ቀስ ብለው ያድጋሉ።

ምልክቱን አሳስቼ ይሆናል። አዎ፣ አሳስቼ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ነገ አዲስ አዘጋጃለሁ። ለዶክተሩ አልነገርኩም፤ ገና ምን ብዬ?

ነገ ለእትዬ የነጩ መድኃኒት መጀመሪያ ቀን ነው።

ታኅሣሥ 17፣ ረቡዕ

ባሏ ደወለልኝ። እሱ ደውሎልኝ አያውቅም።

«ትናንት አልሄደችም» አለ።

«የት?»

«የት ይሆናል? ሆስፒታል ነዋ! ለሐኪሟ ደውላ እቆያለሁ ብላለች። የእህቴ መድኃኒት እስኪደርስ፣ አንድ ወር ሁለት ወር እጠብቃለሁ አለች።»

«እኔ ጠብቂ አላልኳትም፣ ጋሼ!»

«እኔም ገበታው ላይ ነበርኩ እኮ» አለ፤ እንደ ቅድሙ አልጮኸም። «ሐኪሟ የካንሰሩ እብጠት አንድ ወር አይጠብቅም ብላለች። እባክሽ አናግሪያት። አንቺን ነው የምትሰማው።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ በሱ ተናደድኩ፤ በር ላይ የሚቆም ሰው ለኔ ምክር ይሰጠኛል! ለአንድ ሰዓት ያህል ተናደድኩ። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል። ኅዳር 19 የጻፍኩትን ገልጬ አነበብኩ። «በግልጽ ነው የተናገርኩት» ይላል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ እኔ ደግሞ ሳላስበው አይደለም የተናገርኩት። ፊቷ እንዲፈካ ፈልጌ ነው።

ታኅሣሥ 18፣ ሐሙስ

ጠዋት ተራ የትኩሳት መለኪያ በውሃ ብርጭቆ ውስጥ አድርጌ ታችኛው መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ሳወጣው ከመጀመሪያው መስመር፣ ከሠላሳ አምስት፣ በላይ አልወጣም። መለኪያው ተበላሽቷል ብዬ የክፍል ሙቀት መለኪያ አስገባሁ። ሃያ ስምንት።

ላይኛው ላይ ሠላሳ ሰባት። ታችኛው ላይ ሃያ ስምንት።

የጥገናውን ሠራተኛ ጠራሁት። ከኋላ ፈታው። አየሩን የሚያዞረው ማራገቢያ ቆሟል፤ የበሩ ጎማ ከታች በኩል ተቀዷል፤ ሙቀቱን የሚያነበው ነገር ደግሞ ያለው ከላይ ነው። «ይሄ እኮ ከቆመ ወራት አልፎታል» አለ አቧራውን በጣቱ እያሳየኝ። «በሩ አልዘጋ ሲል አልጠረጠርሽም?» በዳሌዬ እገፋው እንደነበር አልነገርኩትም።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው። የቀዘቀዘ ሴል አይከፋፈልም፤ መርዙንም እምብዛም አያስገባም። የፀጉር ሥሮቹን ያተረፋቸው ብርድ ነው። ዘጠኝ ቁጥር የሠራው ነገር ይኑር አይኑር አንድም ማስረጃ የለኝም። እድገታቸው ቀስ ሲል «በር ላይ ቆመዋል» ብዬ ደስ አለኝ፤ በርዷቸው ነበር። እንዳይደበላለቅ ብዬ ያወጣሁት ሥርዓት፣ ሁልጊዜ ታች፣ ሁልጊዜ ታች፣ ስህተቱን አራት ጊዜ አስደገመኝ። ሳህን እያቀያየረ የሚያስቀምጥ ዝርክርክ ሰው ቢሆን በመጀመሪያው ሳምንት ይደርስበት ነበር።

ለዶክተሩ ነገርኳቸው። ወረቀቶቹን ሰብስበው ወደ ጎን አስቀመጡ። «ብርድ ፀጉር እንደሚያተርፍማ የታወቀ ነው» አሉ። «በየአገሩ መድኃኒቱ ሲሰጥ ቀዝቃዛ ቆብ የሚያጠልቁ አሉ። እንደገና እንጀምራለን።» ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር።

ታኅሣሥ 19፣ ዓርብ፣ ማታ

ሁሉንም ልጻፈው።

ከትምህርት ቤት ስትወጣ ጠብቄ አብሬያት ቤት ገባሁ። ባሏ አልነበረም። ጠረጴዛው ላይ የልጆቹን ደብተር ቆለለች። ኮቴን ሳላወልቅ ጀመርኩ። ማራገቢያው፣ ጎማው፣ ሃያ ስምንት። የምትጠብቂው መድኃኒት የለም አልኳት፤ ቢኖርም ሰው ዘንድ እስኪደርስ ዓመታት ነው፤ ያን ቀን ይህን ማለት ነበረብኝ፣ አላልኩም፤ ማክሰኞ ሂጂ።

እትዬ አየችኝ፣ አየችኝና ሳቀች። «እና መድኃኒቱ ብርድ ነው? አሥራ አንድ ዓመት ተምረሽ?» ዓይኗ እስኪያነባ ሳቀች። እኔም ሊያስቀኝ ሲል ነው ያየኋት፤ እንባው የሳቅ አልነበረም።

«ተቀመጪ» አለች። ተቀመጥኩ።

«ለፀጉር ብዬ የቀረሁ ይመስልሻል?»

«ታዲያ ለምንድን ነው?»

«ካንቺ ጋር ሦስት ወር አወራን። ፀጉርሽ ይመለሳል አልሽ። ቅንድብሽ ይመለሳል፣ ጥፍርሽ ይመለሳል፣ ምላስሽ ምግብ ይለያል አልሽ። እኔ እድናለሁ ወይ፣ አንድ ቀን ተናግረሽ አታውቂም።»

«አልጠየቅሽኝም…»

«ምን ብዬ ልጠይቅሽ? አንቺ ታውቂያለሽ። እዚያ ክፍል አራት ጊዜ ገባሁ፣ አንድ ቀን ብቅ አላልሽም። የምታውቂውን ነገር ሁሉ የምትዘባርቂ ልጅ ስለዚህ ነገር ዝም ካልሽ፣ አውቀሽ ነው አልኩ። አዝነሽልኝ ነው አልኩ። ከሞትኩ አይቀር ትንሽ ፀጉር በቅሎልኝ ልሙት አልኩ።»

ያን ሁሉ ወራት ስትጠይቀኝ የነበረው ይህንን ነው፤ እኔ ደግሞ በሴል መለስኩላት። አልሸሹም ዞር አሉ ማለት እኔ ነኝ።

«አላውቅም፣ እትዬ» አልኩ። «እውነቴን ነው። ፋይልሽን አይቼዋለሁ። ጥሩም አለበት፣ መጥፎም አለበት። ነጩን ከወሰድሽ ዕድልሽ ካልወሰድሽ በጣም ይሻላል፤ ይህን አውቃለሁ። ከዚያ ወዲያ አላውቅም። ዝም ያልኩት አውቄ አይደለም።»

«ታዲያ ምን ሆነሽ ነው?»

ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት። ኮቴን እንደለበስኩ፣ እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ። ተነስታ ኮቴን አወለቀችልኝ። የታመመችው እሷ፣ የምታባብለው እሷ። በራሴ አፍሬያለሁ፤ አሁንም እየጻፍኩ አፍራለሁ።

ስወጣ በሩ ላይ «ማክሰኞ በስንት ሰዓት ነው የምትመጪው?» አለችኝ። እሄዳለሁ አላለችም። ልትሄድ ነው ማለት ነው ብዬ ወሰድኩት።

ታኅሣሥ 23፣ ማክሰኞ፣ ከሆስፒታል

በእርሳስ ነው፤ እስክሪብቶ ረስቻለሁ።

ስድስት ወንበር አለ። የኛ ከመስኮቱ ሁለተኛው ነው። ሽታው ያው ነው። እናታችንን ለመጨረሻ ጊዜ ካየሁባት ክፍል ጋር አንድ ነው፤ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ እዚህ ሆኜ ልካደው አልችልም።

ነርሷ ሁለት ጊዜ የደም ሥር ስታ በሦስተኛው ገባላት። እትዬ አልተንቀሳቀሰችም። እኔ ነኝ «ቀስ!» ብዬ የጮህኩት። ነርሷ «እርስዎ ማነዎት?» አለችኝ። «ታናሼ ናት፤ ብዙ ጊዜ አትወጣም» አለች እትዬ።

ባሏ በበሩ መስታወት አንድ ጊዜ አጮለቀና እኔን ሲያይ እጁን አነሳልኝ። እኔም አነሳሁ።

የመጀመሪያው ሰዓት አለፈ። ስለ ርዕሰ መምህርቷ ሐሜት አወራችኝ፤ ስለ ሰፈሩ ውሃ፣ ስለ አክስታችን ኩርፊያ። ስለ ሴል አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። ከዚያ ደከማትና ዓይኗን ጨፈነች። ያለ ሻሽ ነው የተኛችው። ራሷ ትንሽ ነው፤ ይህን ያህል ትንሽ መሆኑን አላውቅም ነበር።

እህቴ እንዳትሞትብኝ ፈርቻለሁ።

ቀና ስል ነቅታለች። «ምን እየጻፍሽ ነው?» አለች። ደብተሩን ልዘጋ ፈለግኩ፤ እጇን ዘረጋች፤ መርፌ የሌለበትን። ሰጠኋት። የመጨረሻውን መስመር ብቻ አነበበችና መለሰችልኝ።

«እኔም» አለች።

ነርሷ መጥታ የመድኃኒቱን ከረጢት ቀየረች። ገና ሁለት ሰዓት ይቀረናል።